ከፀሐይ የተደበቀችው ኤሊ

በጥቅምት ፍኖተ ሰላም ትቀላለች። በርበሬው ከየማሳው ይገባና በየግቢው፣ በየደጃፉ፣ ቦታ ሲጠብም በአስፋልቱ ዳር ሰሌንና ሸራ ላይ ይሰጣል። የጋሪ ፈረሶች እያነጠሱ ያልፋሉ፤ የባጃጅ ሾፌሮች የተሰጣውን ላለመርገጥ ሲጠማዘዙ ከባለቤቶቹ ጋር ይሰዳደባሉ። ክረምቱን ሙሉ እርጥበት ሲጠጣ የከረመ ነገር ሁሉ፣ ፍራሹም ጋቢውም የልጆቹ መጽሐፍም፣ በዚያ ሰሞን ወደ ፀሐይ ይወጣል።

ያን ዓመት በጥቅምት ግን በእኛ ሰፈር ምንም ያልተሰጣበት አንድ ግቢ ነበር፤ የጎረቤቴ የእትዬ ሀብትነሽ ግቢ። መስኮታቸው በጨርቅ ተሸፍኗል። በራቸው ተዘግቷል። ከአጥሩ ሥር፣ ከዘይቱኑ ዛፍ አጠገብ፣ አንድ ሰፊ ጠፍጣፋ ድንጋይ በፊቱ ተደፍቶ ተቀምጧል። ለማያውቅ ሰው እንዲሁ ድንጋይ ነው። እኛ ግን ማን እንዳመጣው፣ ምን ይወጣበት እንደነበረ፣ ማን እንደደፋውም ስለምናውቅ በአጠገቡ ስናልፍ ዐይናችንን ወደ ሌላ እናዞር ነበር።

እትዬ ሀብትነሽ የሰከላ ሰው ናቸው። ከግሽ ዓባይ አለፍ ብሎ ካለው ብርዳማ አገር በልጅነታቸው ተድረው ነው ሞቅ ወዳለው ወደ እኛ ከተማ የወረዱት። ባላቸው አለበል ጋሪ ነጂ ነበር። ልጃቸው ትሕትና ገና በጀርባ ሳለች ለሽንዲ ገበያ እንደወጣ ቀረ። እዚያ ሌላ ጎጆ መቀለሱን ወሬ ያመጣው ሌላ ጋሪ ነጂ ሲነግራቸው፣ እትዬ ሀብትነሽ «ፈረሱስ ደህና ነው?» ብለው ጠየቁት ይባላል። ፈረሱን ይወዱት ነበር።

ከዚያ በኋላ ላህ ወንዝ ዳር ባለ የችግኝ ጣቢያ ተቀጠሩ። ሥራቸው ጥላና ፀሐይ ማመጣጠን ነበር ማለት ይቻላል። ገና የበቀለ ችግኝ የሣር ዳስ ይሠራለታል፤ ጠንከር ሲል ሣሩ ከላይ ከላይ ይነሣለታል፤ ለተከላ ሲደርስ ዳሱ ፈጽሞ ይፈርሳል። ባንድ ጊዜ ከተገለጠ ይጠወልጋል፤ ጨርሶ ካልተገለጠ ደግሞ ረጅምና ቀጭን ሆኖ ያድግና የመጀመሪያው ንፋስ ያጋድመዋል። እትዬ ሀብትነሽ ይህን ለሰው ሲያስረዱ አልሰማሁም። ማለዳ ሄደው ሣሩን ሲያነሡና ሲመልሱ፣ ከሰዓት በኋላ እጃቸው አፈር እንደለበሰ ሲመለሱ ነው የማውቃቸው።

ኤሊዋ የመጣችው ከዚያው ከሥራ ቦታቸው ነው። የመስኖው ቦይ ሲጠረግ ከጭቃው ውስጥ መዳፍ የማታክል ጥቁር ኤሊ ወጣች። ትሕትና ከትምህርት ቤት ስትለቀቅ እናቷ ጋ መሄድ ልማዷ ነበርና ቀድማ ያየቻት እሷ ናት። በቀሚሷ ጫፍ ጠቅልላ አመጣቻት።

«ወደዚያ በይልኝ! ይሄ ነገር እቤቴ አይገባም» አሉ እናትየው።

«እማ፣ ቤቷን ይዛ እኮ ነው የመጣች። ያንችን ቤት ምን ታጠብብሻለች?»

እትዬ ሀብትነሽ ሳቁ። ከሳቁ በኋላ መከልከል አይሆንላቸውም ነበር።

ትሕትና ኤሊዋን «እሜቴ» ብላ ጠራቻት፤ ስለ እሷ ስታወራም እንደ ትልቅ ሰው በአክብሮት ነበር። መጀመሪያ ላይ ሳፋ ሙሉ ውሃ ውስጥ አኖረቻት። የውሃ እንስሳ ናት፣ ውሃ እንጂ ሌላ ምን ትፈልጋለች? እሜቴ ግን የሳፋውን ዙሪያ እየዞረች ግድግዳውን ስትቧጥጥ ዋለች፣ ስትቧጥጥ አደረች። ልጅቱ ነገሩ የገባት ላህ ወንዝ ወርዳ ስታይ ነው። ረፋዱ ላይ ኤሊዎቹ ከውሃው ወጥተው በድንጋዮቹ ላይ ተደርድረው አየች። ጠጋ ስትል ሁሉም አንድ ላይ ውሃው ውስጥ ተወረወሩ። በሚቀጥለው ቀን አንዱን ጋሪ ነጂ ለምና ያንን ጠፍጣፋ ድንጋይ አስጭና መጣች።

ሳፋውን ከዘይቱኑ አጠገብ ግማሽ ድረስ መሬት ውስጥ ቀበረችው። ድንጋዩን ከጠርዙ ላይ አጋድማ አንድ ጫፉን ውሃ ውስጥ ነከረችው፤ እሜቴ ሳትንሸራተት እንድትወጣ። ቦታው ጠዋት ፀሐይ ያገኛል፤ ከሰዓት በኋላ የዘይቱኑ ጥላ ይደርስበታል። ኤሊዋ ሲበቃት ወደ ጥላው፣ ሲሞቃት ወደ ውሃው መሄድ ትችላለች። ይህን ሁሉ ማን እንዳስተማራት አላውቅም። ዝም ብላ ታይ ነበር፤ ያ ነው።

ጎረቤታችን እትዬ ሸጋዬ አንድ ጠዋት ጩኸታቸውን አቀለጡት።

«ኧረ ሀብትነሽ! የልጅሽ ኤሊ ሞታለች! እግሯን ዘርግታ፣ አንገቷን ጥላ፣ ደርቃ!»

እትዬ ሀብትነሽ ሥራ ላይ ነበሩ። ብቅ ያለችው ትሕትና ናት፣ ጣቷን ከንፈሯ ላይ አድርጋ።

«ዝም በሉ በሞቴ እትዬ ሸጋዬ! እሜቴ ፀሐይ እየሞቁ ነው።»

ቷ! ኤሊዋ ውሃው ውስጥ ገባች።

«ይኸው፣ አስደነገጧቸው። አሁን ምሳ ሰዓት ድረስ አይወጡም።»

«ነፍስ ይማር ልል ስል ገላዋን ትታጠብብኛለች!» አሉ እትዬ ሸጋዬ። ይህቺን ነገር ለብዙ ጊዜ ለሰው ሁሉ ሲያወሩ ኖሩ። ኤሊዋንም «በዐቢይ ጾም ሥጋ የምትበላ ብቸኛዋ ጎረቤቴ» ይሏት ነበር፤ ትሕትና በጾም ወራት ሥጋ ከቤት ሲጠፋ የዘይቱኑን ሥር እየቆፈረች ትል ትለቅምላት ስለነበር።

እኔ ጠዋት ጠዋት እቤት ተቀምጬ ስለምጽፍ በአጥሩ በኩል አያቸዋለሁ። ኤሊዋ ከውሃ ስትወጣ እንደ እርጥብ ጭቃ ጥቁር ናት፤ ስትደርቅ ቡናማ ትሆናለች። መጀመሪያ አንገቷ ይወጣል። ቀጥሎ አንዱ የኋላ እግር ወደ ኋላ ይዘረጋል፤ ከዚያ ሌላው፤ ጣቶቿ እንደ ማራገቢያ ይከፈታሉ። አንዳንድ ጊዜ ከጀርባዋ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ የሳሳ ቅርፊት ይነሣል። ትሕትና «አሮጌ ቀሚሳቸውን እያወለቁ ነው» ትለኛለች፣ በሹክሹክታ። ድንጋዩ ለሁለት ይበቃ ስለነበር እሷም ከወዲያኛው ጫፍ ትቀመጣለች።

ልጅቱ አደገች። ኤሊዋም ከመዳፍ አልፋ የሰሐን ያህል ሆነች።

መስከረም ሊያልቅ ሲል፣ አንድ ቅዳሜ፣ ትሕትና ጠጉሯን ታጥባ እንዲደርቅላት ድንጋዩ ላይ ተቀመጠች። ማታ ራሴን አለች፤ ከዚያ ብርድ ብርድ፤ ከዚያ ትኩሳት። እናቷ ከሥራ ገብተው የጠየቁት አንድ ነገር ብቻ ነው።

«እርጥብ ጠጉርሽን ይዘሽ ፀሐይ ላይ ተቀምጠሽ ነበር?»

«አዎ።»

በቃ፣ ምች ነው። እርጥብ ገላ ፀሐይ ሲያገኘው ምች እንደሚመታ እዚህ አገር ለማንም ማስረዳት አያስፈልግም። መድኃኒቱም በየጓሮው ይበቅላል። እትዬ ሀብትነሽ ከደጃቸው ዳማከሴ ቀነጠሱ፤ አሽተው አሸተቷት፤ ጨምቀው አጠጧት፤ ግንባሯንና አንገቷን በቅጠሉ አሹላት። በማግስቱ ላብ አላባትና ትኩሳቱ ለቀቃት። እትዬ ሀብትነሽ በአጥሩ በኩል ሲያዩኝ ፊታቸው በርቶ ነበር። «ዳማከሴዬ አላሳፈረኝም» አሉኝ። ልጅቱም የሚበላ ጠየቀች። ከመኝታዋ ሆና «እማ፣ እሜቴን አደራ፤ ከትናንት ጀምሮ ምንም አልቀመሱም» ማለቷን እናቷ በኋላ ብዙ ጊዜ ነግረውኛል።

ከዚያ ትኩሳቱ ተመለሰ። ዳማከሴው ተደገመ። ነገሯ ሲቀላቀልባት፣ እናቷን እንደማታውቃቸው ስታይ፣ ከቡሬ ለእሑድ መጥቶ የነበረው ወንድማቸው ወንዳወቅ በባጃጅ ሐኪም ቤት ይዟት ሮጠ። እትዬ ሀብትነሽ ነጠላ ለመያዝ ወደ ቤት ገብተው ነበርና ሌላ ባጃጅ ይዘው ተከተሉ። ሐኪሙ ያነጋገረው ወንዳወቅን ነው። እሳቸው ሲደርሱ ወንዳወቅ ኮሪደሩ ላይ ግድግዳ ተደግፎ ቆሞ ነበር።

በለቅሶው ድንኳን ውስጥ አንድ ዓረፍተ ነገር ከአፍ ወደ አፍ ሲዞር ሰነበተ። «ጠጉሯን ታጥባ ፀሐይ ላይ ተቀምጣ ነው አሉ። ምች ነው።» የሚመጣው ሰው ሁሉ ይጠይቃል፣ የተቀመጠው ሁሉ ይመልሳል። እትዬ ሀብትነሽም ከለቅሶው ፋታ ሲያገኙ «ፀሐይ ናት የበላችብኝ» ይሉ ነበር። ወንዳወቅ አንገቱን ደፍቶ ይሰማል።

ከሰልስቱ በኋላ እትዬ ሀብትነሽ ድንጋዩን ገለበጡት። ሳፋውን ከመሬት ነቅለው ኤሊዋን ከነውሃዋ ወደ ጓዳ አስገቡ። መስኮቱን በጨርቅ ሸፈኑ። አደራ ተቀብለዋል፤ ልጃቸውን የወሰደባቸው ነገር አደራቸውን እንዲነካ አይፈቅዱም።

እኔ ያን በጋ አንዳንዴ ገባ ብዬ እጠይቃቸዋለሁ። ጓዳው ይጨልማል። ገና ከበሩ የዳማከሴ ሽታ ይቀበለኛል፤ በየጠዋቱ የኤሊዋን ጀርባ በቅጠሉ ያሹ ነበር። ሥጋ በቀጭን በቀጭኑ ከትፈው ያቀርቡላታል። ውሃዋን ይለውጣሉ። እንደዚያ የተጠነቀቁለት እንስሳ አይቼ አላውቅም። ኤሊዋ ግን ግድግዳውን ትቧጥጣለች። አንድ ጊዜ ከሳፋው ወጥታ ከበሩ ሥር ወደሚገባው የብርሃን ክር ስትሄድ አገኟት። አንሥተው መለሷት። ደግማ ሄደች። መለሷት። በመጨረሻ በበሩ ሥር ያለውን ክፍተት በጨርቅ ወተፉት።

«ምን ላድርግ ትለኛለህ?» አሉኝ። «ሕፃን እኮ ወደ እሳትም ይሄዳል።»

እትዬ ሸጋዬ ሊያሥቋቸው ይሞክራሉ። «ኤሊ አራስ ቤት አስገብተሻታል አሉ! ገንፎም አገንፊላታ፣ እንምጣና እንብላ!» ይላሉ። አይሥቁላቸውም።

ክረምት ገባ። ያ ዓመት መንገዱ ሲዘጋና ሲከፈት የከረመበት ዓመት ነበር። ወንዳወቅ በቡሬ ገጠር የእንስሳት ጤና ባለሙያ ስለሆነ አንዳንዴ ወር ሙሉ ከዚያው ይቀራል፤ ስልክም ሲኖር ይኖራል፣ ሲጠፋም ይጠፋል። የእሜቴ ነገር የተበላሸው በዚያ ክረምት ነው። መጀመሪያ መብላት ተወች። ከዚያ ስትንሳፈፍ ወደ አንድ ጎን እያጋደለች መንሳፈፍ ጀመረች። ጀርባዋ ላይ ነጫጭ ነጠብጣብ ወጣ፤ ሽታም አመጣ።

መስከረም ሲጋመስ እትዬ ሀብትነሽ በአጥሩ ጠሩኝ። «ና እስቲ፣ አንተ የተማርክ ነህ፣ እያት።»

ጨርቅ ላይ አስቀምጠዋት ነበር። የቅርፊቷን ጠርዝ በአውራ ጣቴ ጫን አልኩት። እንደ ረጠበ ካርቶን ገባ አለ። እጄን ቶሎ ሰበሰብኩ።

«አደራ ነው የሰጠችኝ» አሉ። «ሌላ ምንም አላለችኝም እኮ። እሜቴን አደራ ብቻ ነው ያለችኝ። ሙት ዓመቷ ሳይደርስ ከሞተችብኝ መቃብሯ ላይ ምን ብዬ እቆማለሁ?»

ወንዳወቅ የመጣው መንገዱ ሲከፈት ነው፣ ለሙት ዓመቱ ዝግጅት። ረፋድ ላይ ነበር። እትዬ ሸጋዬ በእኛና በእትዬ ሀብትነሽ ደጃፍ መካከል በርበሬያቸውን እያገላበጡ ነበር፤ እኔም በር ላይ ቆሜያለሁ። ወንዳወቅ ገና ሻንጣውን ሳያስቀምጥ እኅቱ ኤሊዋን በጨርቅ አቅፈው ወጡ፣ ደጃፉ ድረስ ብቻ፣ ጥላው እስካለበት።

«እትዬ፣ እኔ የበሬ ሐኪም ነኝ እኮ» አለ እየሣቀ።

«በሬም ይሁን፤ ነፍስ አይደለም?»

ተቀበላት። ገለበጣት። ቅርፊቷን ዙሪያውን እየነካ ሄደ። ሣቁ ከፊቱ ጠፋ።

«ፀሐይ ካየች ምን ያህል ሆናት?»

«ፀሐይማ አታያትም። እንዴት ይሆናል ብለህ!»

«ከመቼ ጀምሮ?»

ወንዳወቅ የተገለበጠውን ድንጋይ አየ። ከዚያ መስኮቱ ላይ ያለውን ጨርቅ አየ። ቁጭ አለ።

«እትዬ፣ ይቺን የጎዳት ጨለማው ነው። ለኤሊ ፀሐይ ምግቧ ነው። ከውሃ ወጥታ፣ ደርቃ፣ ሞቃ ካልዋለች የበላችው አይፈጭላትም፤ አጥንቷም ቅርፊቷም አይጠናም። ይሄ የነጣው ሁልጊዜ እርጥብ ሆኖ ስለከረመ የበሰበሰ ነው። ቁስሉን በአዮዲን እናጥባለን። ግን ፀሐይ ካላገኘች ከንቱ ነው።»

«እሺ፣ በመስኮቱ መስታወት በኩል ትሙቅ። ጨርቁን አነሣለታለሁ።»

«መስታወት ከፀሐይዋ የሚያስፈልጋትን ጨረር ያስቀርባታል። ደጅ መውጣት አለባት።»

«ከውሃ እንደወጣች? እርጥብ ገላዋን?»

«አዎ።»

«ምች ይመታታል!» አሉ። «አንተ እንዴት ትረሳለህ ወንዳወቅ? አንተ አይደለህ ተሸክመሃት የሄድክ?»

«ለኤሊ ምች የሚባል የለም፣ እትዬ።»

እትዬ ሸጋዬ በርበሬ ማገላበጣቸውን አቆሙ።

«ለኤሊ የለም» አሉ እትዬ ሀብትነሽ ቀስ ብለው። «ለሰውስ?»

ወንዳወቅ ኤሊዋን በጨርቋ መልሶ ጠቀለላት። አንድ ጋሪ አለፈ፤ ፈረሱን በርበሬው አስነጠሰው። ማንም አልሣቀም።

«ወባ ነበር» አለ በመጨረሻ። «ጭንቅላቷ ላይ ወጥቶ ነበር። ሐኪሙ ያኔውኑ ነግሮኛል።»

«ግን ተሽሏት ነበር። በዳማከሴው ተሽሏት...»

«ወባ እንዲያ ነው። ይለቅና ይመለሳል።»

«ቀድመን ብንወስዳት?»

ወንዳወቅ ዐይኑን ወደ ኤሊዋ መለሰ። እትዬ ሀብትነሽ ወንድማቸውን ለረጅም ጊዜ አዩት።

«ዓመት ሙሉ ስታውቅ?»

«ምን ብዬ ልንገርሽ፣ እትዬ? ምን ብዬ?»

አልጮኹም። እኔ ይጮኻሉ ብዬ ፈርቼ ነበር። ኤሊዋን ከእጁ ተቀበሉና ወደ ጓዳ ይዘዋት ገቡ፤ በሩን ዘጉ። ወንዳወቅ ደጃፉ ላይ ተቀምጦ ቀረ።

በማግስቱ ጠዋት በርበሬው ሲሰጣ እትዬ ሀብትነሽ ጆግ ውሃና ሳሙና ይዘው ወጡ። ጉንጉናቸውን ፈቱ። ሽበት የቀላቀለ ጠጉራቸውን ደጅ ላይ ታጠቡ። ከዚያ ሻሽ ሳያስሩ፣ ነጠላ ሳይለብሱ፣ ጠብ ጠብ የሚለውን ጠጉራቸውን ጀርባቸው ላይ ለቀው የተደፋው ድንጋይ አጠገብ መሬት ላይ ተቀመጡ። ፀሐዩ በግንባራቸው ነው።

እትዬ ሸጋዬ ሰሌናቸውን ጥለው ሮጡ። «ኧረ ሀብትነሽ! ኧረ ምን ነካሽ? ምች ይመታሻል!»

«ይምታኝ።»

«አብደሻል እንዴ?»

«አላበድኩም። አደራዬን በሰው ወሬ አላወጣም። እኔን ይምታኝና ልየው።»

እስከ ቀትር እዚያው ነበሩ። ወንዳወቅ ሊያነሣቸው ሄዶ ነበር፤ በእጃቸው መለሱት። ጠጉራቸው ደረቀ። ጥላው መጥቶ እግራቸውን ሸፈነ። እኔ መጻፍ አልቻልኩም፤ እዚህ ሆኜ አያለሁ። እሳቸውም ልክ እንግዳ እንደሚጠብቅ ሰው አንገታቸውን ቀና አድርገው ይጠብቃሉ። አመሻሹ ላይ ስጠይቃቸው እጃቸውን ግንባራቸው ላይ አድርገው ትኩሳት ይፈልጉ ነበር።

«አልመታኝም» አሉኝ።

ከዚያ ነው ያለቀሱት። በለቅሶው ጊዜ እንኳ እንደዚያ ሲያለቅሱ አላየሁም።

በሚቀጥለው ቀን ድንጋዩን ወንዳወቅ ቀና አደረገው፤ ሳፋውም ወደ ድሮ ጉድጓዱ ተመለሰ። የቀረውን እትዬ ሀብትነሽ ራሳቸው ሠሩ። ዓመት ሙሉ ጨለማ የኖረችን ኤሊ ባንድ ጊዜ ፀሐይ ላይ አላሰጧትም። እንደ ችግኝ ነው ያደረጓት፤ ከሳፋው በላይ ቀጭን የሣር ዳስ ሠሩላት፤ ማለዳ ማለዳ ትንሽ ሣር እያነሡ ብርሃኑን ያሰፉላት ጀመር። ድንጋዩ ለደከመ እግር ቀጥ ብሎባት ስለነበር ሻካራ የባሕር ዛፍ ሳንቃ ጆንያ ጠቅልለው አጋደሙላት። ወንዳወቅ ከመሄዱ በፊት አዮዲኑን እንዴት እንደሚቀቡ አሳያቸው። ሌላም ነገር አደራ አላቸው።

«አንሥተሽ ድንጋዩ ላይ አታስቀምጫት። ራሷ ትውጣ። ደግሞ ከአጠገቧ ራቂ። ሰው ካየች አትወጣም።»

መራቁ ከበዳቸው። ዓመት ሙሉ ከእጃቸው ያልለዩአትን ከበር ሆነው ማየት። ኤሊዋ ግን አልወጣችም። ሳንቃው ላይ የፊት እግሯን ታደርጋለች፣ ትቆያለች፣ ትመለሳለች። ሙት ዓመቱ ደረሰ፤ ካህናት መጡ፣ ፍትሐት ተደረገ፣ ግቢው በሰው ሞላ። ያን ቀን እሜቴ ከሳፋው ሥር አልተነሣችም። እትዬ ሀብትነሽ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ መቃብሩ ላይ ምን እንዳሉ አልጠየቅኳቸውም። «እስካሁን አልሞተችም ብዬ ነገርኳት» አሉኝ ራሳቸው።

ሰዉ ከተበተነ በኋላ፣ ድንኳኑ ከተነሣ በኋላ፣ አንድ ፀጥ ያለ ረፋድ ላይ እጃቸውን በአጥሩ አሻግረው ክንዴን ያዙኝ። በአገጫቸው አመለከቱኝ።

እሜቴ ሳንቃው ላይ ነበረች። ሄደች፣ ቆመች። ሄደች። ድንጋዩ ጋ ስትደርስ ሆዷ ሲፋተግ ይሰማል። ላዩ ላይ ወጣች። ለረጅም ጊዜ ዝም ብላ ቆየች፤ ውሃው ከሥሯ እየወረደ ድንጋዩን አጠቆረው። ከዚያ አንገቷ ወጣ። አንዱ የኋላ እግሯ ወደ ኋላ ተዘረጋ፤ ቀጥሎ ሌላው። ጣቶቿ ተከፈቱ። ዐይኗን ጨፈነች። ጀርባዋ ላይ ቁስሉ የነበረበት ቦታ ጎድጉዷል፤ ያ አይሞላም ብሏል ወንዳወቅ።

እትዬ ሀብትነሽ አፋቸውን በነጠላቸው ይዘው ነበር። ያን ጊዜ ነው ትዝ ያለኝ፤ እሳቸው ይህን አይተውት አያውቁም። በየጠዋቱ ሥራ ላይ ነበሩ። ከልጃቸው ሲሰሙት ኖሩ እንጂ በዐይናቸው ያዩት ዛሬ ነው።

«እንዲህ ነው ለካ የምታደርገው» አሉ በሹክሹክታ።

«እንዲህ ነው።»

«ትሕትናስ... የዚያን ቀን፣ ቅዳሜ፣ አንተ አይተሃት ነበር?»

«አይቻታለሁ።»

«እንዴት ነበር የተቀመጠች?»

«ከወዲያኛው ጫፍ። ጠጉሯን በፊቷ ጥላው ነበር፣ እንዲደርቅ። በኋላ ወደ ኋላ መልሳ ፊቷን ወደ ፀሐይ አደረገች።»

«ዐይኗን ጨፍና?»

«ጨፍና።»

«ደስ ብሏት ነበር?»

ልጅቱ ያን ጠዋት የምታንጎራጉረው ነገር ነበር፤ ዜማው ጠፍቶብኛል፤ እግሯን ግን ታወዛውዝ ነበር። ይህን ነገርኳቸው።

«እግሯን ታወዛውዝ ነበር» አሉ እሳቸውም፣ ቃሉን አፋቸው ውስጥ እያቆዩ። «እኔ ፀሐይዋን ስረግማት ከርሜ።»

ከዚያ በኋላ ባለው ጥቅምት የእትዬ ሸጋዬ የልጅ ልጅ አተኮሳት፤ ዳማከሴ ሊቀነጥሱ መጡ። ቁጥቋጦው ዛሬም ከደጁ አለ፤ እትዬ ሀብትነሽ የበቀለ ነገር አይነቅሉም። «ቅጠሉን ውሰጅ» አሏቸው። «መጀመሪያ ግን ደሟን አስመርምሪያት። አሁን። እኔ አብሬሽ እሄዳለሁ።» ነጠላቸውን ለመያዝ እንኳ ወደ ቤት አልገቡም።

አሁንም ጠዋት ጠዋት አያቸዋለሁ። ጡረታ ወጥተዋል። ከሳፋው ራቅ ብለው ኩርሲያቸው ላይ ይቀመጣሉ፤ ድንጋዩ ላይ፣ ከወዲያኛው ጫፍ፣ ተቀምጠው አያውቁም። ዛሬ ይህን ስጽፍ እትዬ ሸጋዬ ከደጃቸው ሆነው ሊጣሩ አፋቸውን ሲከፍቱ አየሁ። እትዬ ሀብትነሽ ዞር ብለው ጣታቸውን ከንፈራቸው ላይ አደረጉ።

«ዝም በይ» አሉ። «እሜቴ ፀሐይ እየሞቁ ነው።»